ሳጥኑን መጨረሻ ላይ ሣሉት፦ ረጅም ዕድሜ ላላቸው ቅንጣቶች ዲቴክተር አነዳደፍ

በሰሜን ሸዋ፣ በተለይ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ይህን ርዕስ፣ ከመፍረሳቸው በፊት ርቀው የሚጓዙ ቅንጣቶችን የሚይዝ መሣሪያ (ዲቴክተር) መንደፍን፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚመርጡ የፊዚክስ ተማሪዎች አሉ። ርዕሱን እወደዋለሁ። ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ ላፕቶፕ፣ ደብተርና ትዕግሥት ካለ ይሠራል። ችግሩ ሥራው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መቆሙ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ትልቅ ሳጥን ይሥላል። ቀለም ይቀባዋል፣ ሴንሰር ይደረድርበታል። ከዚያ ፈታኙ "ይሄ ሳጥን ስንት ቅንጣት ይይዛል? ከስንት ሐሰተኛ ምልክት ጋር?" ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይጠፋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ቅንጣቱ ይቀድማል። ከዚያ የሚጓዘው ርቀት፣ ከዚያ ቦታው፣ ከዚያ የሚያሳስተው ነገር። ሳጥኑ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ራሱ ይወጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ኤክሴል ወይም ፓይተን ያለበት ላፕቶፕ ያዙ። የፓርቲክል ዳታ ግሩፕን የቅንጣት ሠንጠረዦች (ማስ፣ ዕድሜ የመሳሰሉትን) ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ በነፃ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም የምታስሉትን ሁሉ በደብተርም ጻፉ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ከየት እንዳመጣችሁት አስፍሩ።

እነዚህን ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ፦

- ብርሃን በ1 ናኖሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል።
- በሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል) ያለው ኤልኤችሲ፣ ፕሮቶኖችን የሚያጋጨው ማሽን፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ነው። የፕሮቶን እሽጎች በየ25 ናኖሰከንዱ ይገናኛሉ። በዚያ ጊዜ ብርሃን 7.5 ሜትር ብቻ ይጓዛል።
- በባሕር ጠለል ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር በደቂቃ 1 ያህል ኮስሚክ ሙዮን (ከጠፈር በሚመጣ ጨረር ምክንያት አየር ላይ የሚወለድ ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ያልፋል።

ደረጃ 1፦ ቅንጣቱን ወስኑ

አራት ነገር ጻፉ፦ ማሱ፣ ከምን እንደሚወለድ፣ ወደ ምን እንደሚፈርስ፣ ቻርጅ ያለው መሆን አለመሆኑ። ቻርጅ ካለው ሲያልፍ ራሱ ዱካ ይተዋል። ከሌለው እስኪፈርስ ድረስ አይታይም፤ የምናየው ልጆቹን፣ ሲፈርስ የሚወጡትን ቅንጣቶች፣ ነው። ይህ መመሪያ ለሁለተኛው ነው።

ለምሳሌነት የምንሠራበት፦ የ125 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የማስ፣ የኢነርጂና የሞመንተም መለኪያችን) ማስ ያለው የሂግስ ቅንጣት፣ እያንዳንዳቸው 20 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ወደሆኑ ሁለት ገለልተኛ ቅንጣቶች ይከፈላል። እነሱ ደግሞ ራቅ ብለው ሄደው ቻርጅ ወዳላቸው ቅንጣቶች ይፈርሳሉ። እንዲህ ዓይነት ቅንጣት እስካሁን አልተገኘም። የምንነድፈው ለፍለጋ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዕድሜውን አንድ ቁጥር ላይ አትቸንክሩት። ያልተገኘ ቅንጣት ዕድሜው አይታወቅም። ዕድሜውን በብርሃን ፍጥነት አባዝታችሁ በርቀት ግለጹት (የዕድሜ ርቀት እንበለው)፤ ከዚያ ከ1 ሴንቲ ሜትር ጀምራችሁ በአሥር በአሥር እያባዛችሁ እስከ ሚሊዮኖች ሜትር ውሰዱት። የመጨረሻ ውጤታችሁ አንድ ቁጥር ሳይሆን ግራፍ መሆን አለበት።

ደረጃ 2፦ አማካይ የጉዞ ርዝመቱን አስሉ

የቅንጣቱን ሞመንተም በማሱ አካፍሉ። ያገኛችሁትን ቁጥር (ማባዣውን) ዕድሜው በብርሃን ፍጥነት ተባዝቶ በሚሰጠው ርቀት አባዙ። ውጤቱ አማካይ የጉዞ ርዝመት ነው።

በምሳሌያችን ሂግሱ ቆሞ ነው ብለን ስንጀምር እያንዳንዱ ልጅ 62.5 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ይወስዳል። ሞመንተሙ 59 ገደማ ይሆናል። በ20 ሲካፈል 3 ይጠጋል። የዕድሜ ርቀቱ 100 ሜትር ከሆነ በአማካይ 300 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው።

አሠራራችሁን በምታውቁት ነገር ፈትኑት። ሙዮን 2.2 ማይክሮሰከንድ ይኖራል፤ በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ 659 ሜትር ነው። ሞመንተሙ 4 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ከሆነና ማሱ 0.106 ከሆነ ማባዣው 38 ይሆናል። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አየር ውስጥ የሚያጣውን ኢነርጂ ለጊዜው ተዉት። ከላይኛው አየር የተወለደ ሙዮን ደብረ ብርሃን መሬት ላይ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስሌታችሁ 659 ሜትር ላይ ከቆመ ማባዣውን ረስታችኋል።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት ሌላ ነው። "አማካዩ 300 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ዲቴክተሩን 300 ሜትር ላይ አቆማለሁ" ይባላል። አይሆንም። አማካይ ማለት ሁሉም እዚያ ይፈርሳል ማለት አይደለም። ከማንኛውም እኩል ርዝመት ካላቸው ቁራጮች ውስጥ ብዙ የሚፈርስበት የመጀመሪያው ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ ሳጥን ውስጥ የመፍረስ ዕድሉን አውጡ

ሳጥኑ ከግጭቱ ነጥብ በምን ያህል ርቀት እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ ያዙ። የመጀመሪያውን ርቀት በአማካዩ አካፍላችሁ ኔጌቲቭ ኤክስፖኔንሺያሉን ውሰዱ። ለማብቂያው ርቀትም እንዲሁ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሱ።

ሳጥኑ 60 ሜትር ላይ ጀምሮ 80 ሜትር ላይ ቢያልቅና ማባዣው 3 ቢሆን፦

- የዕድሜ ርቀት 1 ሜትር፦ ከቢሊዮን 2 ብቻ
- 10 ሜትር፦ 6.6 ፐርሰንት
- 100 ሜትር፦ 5.3 ፐርሰንት
- 1,000 ሜትር፦ 0.65 ፐርሰንት

እነዚህን አራት ቁጥሮች ራሳችሁ ሳታገኙ ወደ ፊት አትሂዱ። የመጀመሪያው ከሁሉም በላይ ያስተምራል። ዕድሜው ሲያጥር ሩቅ ያለ ሳጥን ምንም አያይም፤ ማሳደግም አያድነውም። ያንን ክልል ግጭቱ አጠገብ ላሉት ለትልልቆቹ የኤልኤችሲ ዲቴክተሮች፣ ለአትላስና ለሲኤምኤስ፣ ተዉላቸው። ዕድሜው ሲረዝም ግን ዕድሉ የሳጥኑ ርዝመት ለአማካዩ ሲካፈል ብቻ ይሆናል፤ እዚያ ርዝመት መጨመር በቀጥታ ይጠቅማል።

አሁን ማዕዘኑን ጨምሩ፤ ቅንጣቱ ወደ ሳጥኑ አቅጣጫ የመሄድ ዕድሉ ነው። ወደ ግጭቱ የዞረው ፊት 20 በ20 ሜትር ከሆነ 400ን በ60 ካሬ፣ ከዚያ በ12.57 (4 ፓይ) አካፍሉ። 0.9 ፐርሰንት ገደማ ነው። ፊቱ ያዘነበለ ከሆነ ከዚህም ያንሳል።

ሁሉንም አባዙት። የተሻሻለው ኤልኤችሲ በዘመኑ 3,000 ኢንቨርስ ፌምቶባርን (የግጭት ብዛት መለኪያ) ሲሰበስብ ወደ 170 ሚሊዮን ሂግስ ይጠበቃል። ከሺህ አንዱ ወደኛ ቅንጣት ቢሄድ 170 ሺህ ነው። እያንዳንዱ ሁለት ስለሚወልድ 340 ሺህ። በማዕዘኑ ሲባዛ 3,000 ገደማ ይቀራል። በ5.3 ፐርሰንት ሲባዛ 158። ዲቴክተሩ ግማሹን ቢይዝ 79።

ቁጥሩ ከ1 በታች ከወጣ ሳጥኑን ወዲያው አታሳድጉ። መጀመሪያ ፐርሰንቱን እንደ ሙሉ ቁጥር፣ ሴንቲ ሜትሩን እንደ ሜትር አስገብታችሁ እንደሆነ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ እዚያ ነው።

ደረጃ 4፦ ቦታውን ምረጡ

ቦታውን የሚመርጥላችሁ ወላጁ ነው። ከባድ ወላጅ፣ እንደ ሂግስ ያለ፣ ልጆቹን ወደ ሰፊ ማዕዘን ይበትናል። ስለዚህ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ውጡ። ኮዴክስ ቢ የሚባለው ዲቴክተር ኤልኤችሲቢ ከሚባለው ሌላ የኤልኤችሲ ዲቴክተር ግጭት 25 ሜትር ገደማ ርቆ 10 በ10 በ10 ሜትር ሆኖ የታቀደው፣ ማቱዝላ የሚባለው ደግሞ ከሲኤምኤስ በላይ መሬት ላይ የታቀደው ለዚህ ነው። ቀላል ወላጅ፣ እንደ ፓዮን ያለ፣ ልጆቹን በጨረሩ አቅጣጫ ያጎርፋል። ፌዘር የሚባለው ትንሽ ዲቴክተር ከአትላስ 480 ሜትር ርቆ በዚያ መስመር ላይ ተተክሎ ከ2022 ጀምሮ መረጃ ይሰበስባል። የመፍረሻ ክፍሉ ርዝመት 1.5 ሜትር፣ ሬዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለቀላል ወላጅ ይህ ይበቃል። የሂግስ ልጅ ግን እዚያ ብትጠብቁ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

ወጪውንም አስቡ። ማቱዝላ መጀመሪያ 200 በ200 ሜትር ታሰበ፣ ቀጥሎ 100 በ100፣ በኋላ 40 በ40 ገደማ ሆነ።

ደረጃ 5፦ ሐሰተኛውን ምልክት ቁጠሩ

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ጋ "ባክግራውንዱ ዜሮ ነው ብለን እናስባለን" ብሎ ያልፋል። አትለፉት። የነደፋችሁት ነገር ዲቴክተር መባል አለመባሉ እዚህ ይለያል።

ከላይ የሚመጣው። ጣሪያችሁ 40 በ40 ሜትር ከሆነና መሬት ላይ ካለ በካሬ ሜትር በሰከንድ 170 ገደማ ሙዮን ያልፋል። በሰከንድ 270 ሺህ፣ በዓመት ወደ 8.5 ትሪሊዮን ይሆናል። የምትፈልጉት ግን 79 ነው። የሚያድናችሁ አቅጣጫ ነው፦ ኮስሚኩ ይወርዳል፣ የእናንተው ይወጣል። ሁለት ንብርብሮች በ3 ሜትር ቢራራቁ አንዱ ከሌላው 10 ናኖሰከንድ ይቀድማል። ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄዱት መካከል 20 ናኖሰከንድ ልዩነት አለ ማለት ነው። 1 ናኖሰከንድ የሚለይ ሴንሰር ይህን በቀላሉ ያያል። ግን በ8.5 ትሪሊዮን መካከል አልፎ አልፎ የሚሳሳተው ብቻ እንኳን ብዙ ነው። ስለዚህ በሁለት ንብርብር አትርኩ፤ አራትና ከዚያ በላይ አድርጉ፤ ሁሉም አንድ አቅጣጫ እንዲመሰክሩ ጠይቁ።

ከታች የሚመጣው። ከግጭቱ የሚወጣ ሙዮን 100 ሜትር ዐለት ሲያልፍ ወደ 50 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያጣል። ከዚያ በላይ ያለው ሾልኮ ይመጣል፤ አቅጣጫውም ልክ እንደ እናንተው ቅንጣት ወደ ላይ ነው። መከላከያው ወለል ላይ የሚነጠፍ ማገጃ ንብርብር ነው፦ ከታች ሲገባ የታየ ነገር ሁሉ ይጣላል። ወለሉ ከመቶ 1 ቢያመልጠው፣ ሁለት ወለል ከአሥር ሺህ 1 ያመልጠዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን ክፍተቶቻቸው ካልተገጣጠሙ ብቻ ነው። ከቤት ጣሪያ ቆርቆሮ አጣጣል ተማሩ፤ የአንዱ መጋጠሚያ በሌላው መካከል ላይ ይዋል። ሥዕላችሁ ላይ መጋጠሚያዎቹን በግልጽ አሳዩ።

ከአየርና ከዐለት። ኒውትሪኖ (ከቁስ ጋር እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጋጭ ገለልተኛ ቅንጣት) ሳጥኑ ውስጥ ካለ አየር ጋር ሲጋጭ ድንገት ከባዶ ቦታ የተነሱ ዱካዎች ይሰጣል፤ የእናንተን ምልክት ይመስላል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ዱካዎቹም ብዙ ጊዜ ወደ ግጭቱ ነጥብ አይመለሱም። ረጅም ዕድሜ ያለው የኬኦን ቅንጣት ደግሞ የዕድሜ ርቀቱ 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሙዮን ዐለቱን ሲመታ ተወልዶ ሳጥናችሁ ውስጥ ሊፈርስ ይችላል። እነዚህን ቢያንስ በስም ጥቀሱና እንዴት እንደምትለዩአቸው ጻፉ።

ደረጃ 6፦ ኮስሚክ ሙዮንን በእጃችሁ ለኩ

ይህ ደረጃ የግድ አይደለም፤ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። ሰሜን ሸዋ ለዚህ የተሰጠ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። በአንድ ቀን ሚኒባስ 1,500 ሜትር አየር ትጨምራላችሁ። የሙዮኑ ቁጥር ሲቀንስ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

1. ሁለት የጋይገር ቱቦ (ጨረር ሲያልፍበት የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጥ) አግኙ። ኤስቢኤም 20 የሚባለው የተለመደ ነው። በ400 ቮልት ገደማ ይሠራል። ሳይጠፋ አትንኩት፤ ከጠፋም በኋላ ካፓሲተሩ ያቆየዋል፣ ትንሽ ጠብቁ።
2. ቱቦዎቹን አግድም አንዱን በሌላው ላይ፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በእንጨት ላይ እሰሩ።
3. ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲመቱ ብቻ እንዲቆጥር በአርዱኢኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) አገናኙ። አንድ ቱቦ ብቻውን ከድንጋይና ከግድግዳ የሚወጣውን ጋማ ስለሚቆጥር ስለ ሙዮን ምንም አይነግራችሁም።
4. "በአንድ ጊዜ" የሚለውን መስኮት 100 ማይክሮሰከንድ አድርጉት። ሁለቱም በሰከንድ አንድ ጊዜ ቢመቱ በአጋጣሚ የሚገጥመው በሰዓት ከ1 በታች ነው። መስኮቱን 1 ሚሊሰከንድ ካደረጋችሁት 7 ይሆናል።
5. ደብረ ብርሃን ላይ ቢያንስ 1,600 እስኪሞላ ቁጠሩ። ያኔ የስታቲስቲክስ ስህተቱ 2.5 ፐርሰንት ይሆናል። ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፉ።
6. ሸዋ ሮቢት ላይ ምንም ሳትቀይሩ ድገሙት። ከቤት ውጭ ከለካችሁ እዚያም ውጭ፤ ከቆርቆሮ ሥር ከሆነ እዚያም ከቆርቆሮ ሥር።

ቁጥሩ ካልተለወጠ፦ ቱቦዎቹን ጎን ለጎን 1 ሜትር አራርቁና ቁጠሩ። ያው ከቀጠለ የምትቆጥሩት ሙዮን ሳይሆን የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። የአንዱ ቱቦ ምት ወደ ሌላው ሽቦ እየዘለለ ይሆናል፤ ሽቦዎቹን ለዩ፣ ግራውንዱን አስተካክሉ።

በጋይገር ፈንታ ሲንቲሌተር (ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ የሚል ቁስ) እና ሲሊከን ፎቶመልቲፕላየር (ያንን ብርሃን የሚያነብ ሴንሰር) ካላችሁ ሙቀቱን ተጠንቀቁ። የሲሊከኑ ጌይን (ምልክቱን የሚያጎላበት መጠን) በሙቀት ይለዋወጣል። በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭና የሸዋ ሮቢት ቆላ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት የከፍታ ለውጥ መስሎ ሊያታልላችሁ ይችላል። ቴርሞሜትር አብራችሁ አኑሩ፤ ቮልቴጁን አስተካክሉ።

ስለ ጉዞው ሁለት ነገር። የመንገዱን ደኅንነት ሳታረጋግጡ አትውጡ። ሽቦ የተንጠለጠለበትና መብራት ብልጭ የሚልበት ሳጥን ይዛችሁ ኬላ ላይ ስትደርሱ ማስረዳት ይከብዳል፤ ከትምህርት ክፍላችሁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያዙ፣ ባትሪውን ነቅላችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገብቶ በዐለት ሥር መለካት የሚያምራችሁ ትኖራላችሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን ጠባብ፣ ጉም የሚበዛበትና ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነው። አትግቡ።

ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር ሰርን ላለው ዲዛይን አታስገቡት። ሲኤምኤስ ያለበት መሬት ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ነው። የእናንተ ቁጥር ከዚያኛው ይበዛል። ልኬቱ የሚጠቅማችሁ መጠኑን እንድትረዱና የሪፖርቱን ክፍል በራሳችሁ መረጃ እንድትጽፉ ነው።

ደረጃ 7፦ አሁን ሳጥኑን ሣሉት

ሁለቱ የልጅ ዱካዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ጠይቁ። ኢነርጂውን በማሱ አካፍሉ፤ 1ን በዚያ አካፍላችሁ የሳይኑን ግልባጭ ውሰዱ፤ በ2 አባዙ። በ20 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ቅንጣታችን 37 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ከፈረሰበት 10 ሜትር ላይ ወደ 7 ሜትር ይራራቃሉ። በጎን ካመለጡ ቨርቴክስ (ዱካዎቹ የሚገናኙበት የመፍረሻ ነጥብ) የለም፤ ስለዚህ ጣሪያው ከመፍረሻው ክፍል ይስፋ፣ ወይም ግድግዳው ላይም ንብርብር ይኑር።

ማሱ 1 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆንስ? በ10 ሜትር 32 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሲንቲሌተር ዘንግ ይበቃዋል። በፌዘር ዓይነት ቦታ ግን 0.1 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ማስና 1,000 ኢነርጂ ያለው ቅንጣት ልጆቹን በ1 ሜትር ውስጥ በ0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያል። እዚያ ሲሊከንና ማግኔት የሌለው ንድፍ ውድቅ ነው። የዘንጉን ስፋት ከሌላ ሰው ወረቀት አትቅዱ፤ ከዚህ ስሌት አውጡት።

ደረጃ 8፦ በሲሙሌሽን አረጋግጡ

አንድ መቶ ሺህ ቅንጣት በራንደም ቁጥር ወደ ሁሉም አቅጣጫ ልቀቁ። አንግሉን በእኩል ዕድል አታውጡ፤ የአንግሉን ኮሳይን አውጡ። አለዚያ ቅንጣቶቹ ጨረሩ አጠገብ ይከማቹና ከላይ ያለው ሳጥናችሁ ባዶ ይመስላል። ርቀቱን ለማግኘት የራንደሙን ቁጥር ሎጋሪዝም በአማካዩ አባዝታችሁ ምልክቱን ቀይሩ።

ዕድሜው አጭር ሲሆን አንድም ሳጥን ውስጥ አይፈርስም። ላፕቶፑን ሌሊቱን ሙሉ አታስለፉት። ይልቅ እያንዳንዱን ሳጥኑን የሚያቋርጥ ቅንጣት በደረጃ 3 ዕድል መዝኑትና ክብደቶቹን ደምሩ።

ሲሙሌሽኑና የወረቀቱ ስሌት በጥቂት ፐርሰንት ካልተቀራረቡ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦ ዩኒት፣ ኮሳይን፣ ማባዣው፣ ሁለቱን ልጆች አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠር። ከተቀራረቡ በኋላ ብቻ የሂግሱን የራሱን እንቅስቃሴ ጨምሩ።

በመጨረሻ ግራፉን ሥሩ። በአግድሙ የዕድሜ ርቀት፣ በቋሚው ሂግሱ ወደኛ ቅንጣት የሚሄድበት ድርሻ ይሁን፤ ሁለቱም በሎጋሪዝም መለኪያ። ባክግራውንዱ በእርግጥ ዜሮ ከሆነ 3 ቅንጣት የሚጠበቅበት መስመር የ95 ፐርሰንት ወሰናችሁ ነው። ባክግራውንዱ 5 ከሆነ ግን 3 አይሠራም፤ የፖይሰን ሠንጠረዥ ውሰዱና መስመሩን ወደ ላይ አንሱት። የሳጥኑ ሥዕል ከዚህ ግራፍ ቀጥሎ ባለው ገጽ ይግባ፤ መጠኖቹ ላይ ሁሉ የወጡበት ደረጃ ቁጥር ይጻፍባቸው።